ከሁለት ሳንቲሜትር በላይ የማይሳሳተው ሰውዬ

ሰው ማረም እወዳለሁ። መናዘዜ ካልቀረ ከመጀመሪያው ልናዘዝና ይውጣልኝ። ሚኒባስ ውስጥ ረዳቱ «ሁለት ሰው ብቻ ነው የቀረኝ» ካለ ወንበሩን ቆጥሬ አራት መሆኑን እነግረዋለሁ። ባለቤቴ ለእንግዳ ወሬ ስታወራ «አምስት ሰዓት አካባቢ ነበር» ካለች ከጓዳ ሆኜ «ለአምስት ሩብ ጉዳይ» እላለሁ። አንድ ጊዜማ ቀብር ላይ የሟቹን የሕይወት ታሪክ የሚያነበው ሰው ዕድሜውን በሁለት ዓመት ሲያሳንስ ሰምቼ ከሕዝቡ መሃል እጄን አወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ቤት በሄድን ቁጥር ባለቤቴ አጠገቤ ተቀምጣ ጉልበቴን ትይዘዋለች። ሰዉ ሐዘኔ ጠንቶብኝ ይመስለዋል።

እንዲህ ያለ ሰው ምን ሠርቶ ይበላል ብትሉ፣ ቀያሽ ነኝ። ሆሳዕና ከተማ ውስጥ አንዲት ጠባብ የካርታ ሥራ ቢሮ አለችን። ሠራተኞቹ እኔና ሰላማዊት ነን። እሷ ድሮን ታበራለች፣ እኔ ደግሞ ድሮኑን አርማለሁ። ቀልዴን እንዳይመስላችሁ፣ ሥራው በእውነት እንደዚያ ነው። ሳተላይቶቹ ከላይ ሆነው ድሮኑን «እዚህ ጋ ነህ» ይሉታል፤ ነገር ግን ሁለት ሦስት ሜትር መሳት ልማዳቸው ነው። ለእግር መንገደኛ ሦስት ሜትር ምንም አይደለም። ለወሰን ግን ሦስት ሜትር ማለት አሥር ዓመት ፍርድ ቤት መመላለስ ነው። ስለዚህ ቦታው አስቀድሞ ተለክቶ በሚታወቅ የቅየሳ ድንጋይ ላይ፣ በሦስት እግር ማቆሚያ፣ ቤዝ የምንለውን ሌላ መሣሪያ እናቆማለን። ቤዙ «እኔ የት እንደቆምኩ አውቃለሁ፤ እናንተ ግን ዛሬ ይህን ያህል ስታችኋል» እያለ በየሰከንዱ ለድሮኑ እርማት ይልክለታል። በዚህ እርማት ስህተቱ ወደ ሁለት ሳንቲሜትር ይወርዳል።

ይህን መሣሪያ መጀመሪያ ያየሁት ዕለት ወንድሜን ያገኘሁ መሰለኝ። ሰማይ ላይ ያሉትን ሳይቀር የሚያርም፣ ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሰው ስህተት የሚናገር፣ ማንም የማይቆጣው። በሄድኩበት ሁሉ «ከሁለት ሳንቲሜትር በላይ አንሳሳትም» ማለት ጀመርኩ። ባለቤቴ እንደምትለው በእንቅልፌም ብያታለሁ።

እንግዲህ ከሆመቾ ከተማ ወጣ ብላ ባለች አንዲት ቀበሌ ሥራ ተሰጠን። ከዓመታት በፊት የተለካ የወሰን መስመር አለ። የእኛ ድርሻ ከላይ አዲስ ፎቶ ማንሳትና ያንን የድሮ መስመር በፎቶው ላይ ማሳረፍ ነው። ከዚያ ካርታው ለሕዝብ ይለጠፋል፤ ነዋሪው አይቶ «አዎ፣ የኔ ነው» ሲል የይዞታ ደብተሩን ይወስዳል።

መጀመሪያ የቅየሳ ድንጋዩን መፈለግ ነበረብን። የቅየሳ ድንጋይ ዕድል የለውም። እስከዛሬ ካገኘኋቸው አንዱ ላም ታስሮበት ነበር፣ አንዱ ቢላ ይሳልበት ነበር፣ አንዱን ደግሞ አንድ ቤተሰብ ለድስት ጉልቻ አድርጎት አጥሚት ተጥዶበት ነው ያገኘሁት። የዚህኛውን ግን እስካሁን አልረሳውም። ከመንገዱ ዳር፣ በቀርከሃ አጥር ውስጥ፣ ኖራ ተቀብቶ፣ ዙሪያው አበባ ተተክሎለት፣ እንደ ሙሽራ ነጭ ለብሶ ቆሟል። ዓይኔ እንባ አቀረረ። የማሳው ባለቤት ጋሽ ላምቤቦ የሚባሉ፣ ሽበታቸው የተከረከመ፣ በአካባቢው የታወቁ የእንሰት ገበሬ ናቸው።

«እርስዎ ነዎት ያጠሩት?» አልኳቸው።

«የመንግሥት ዕቃ አይደል? በየሳምንቱ ቅዳሜ አጥበዋለሁ። ለእሁድ ንጹሕ ይሁን ብዬ» አሉ።

ለተሰበሰበው ሰው አጭር ንግግር አደረግሁ። አገር የሚያድገው እንደ ጋሽ ላምቤቦ ባሉ ሰዎች ነው አልኩ። አጨበጨቡ። ጋሽ ላምቤቦ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ሰላማዊት በበኩሏ የድንጋዩን መግለጫ ወረቀት እያነበበች ነበር። «እዚህ ላይ ‘ከመንገዱ አሥራ ሁለት ሜትር ያህል ገባ ብሎ ማሳ ውስጥ’ ይላል። ይሄ እኮ መንገዱ ዳር ነው» አለችኝ።

አሰብኩ። ድንጋይ እግር የለውም። መንገድ ግን ይሰፋል። «መንገዱ ነው ወደ ድንጋዩ የመጣው» አልኳት። ደግሞ ይህን ብዬ አልተውኩትም። እስክሪብቶዬን አውጥቼ ወረቀቱን አረምኩት፤ «ከመንገዱ ዳር» ብዬ ፈረምኩበት።

«ሁለተኛው ድንጋይ ላይ እናረጋግጥና ብናበር ይሻላል» አለች። ደንቡ እንደዚያ ነው፤ አንዱን ድንጋይ በሌላው ሳታረጋግጥ አታበርም። ችግሩ ሁለተኛው ድንጋይ ያለው ከትምህርት ቤቱ ኋላ፣ የአንድ ሰዓት አቀበት ላይ ነው። እኔም አቀበቱን ቀና ብዬ ሳይ ከጋሽ ላምቤቦ ቤት አተካና ቀረበ። አተካና የማታውቁ ካላችሁ አዝንላችኋለሁ። ከቡላ የሚሠራ፣ ቅቤው ከላይ የተኛበት፣ እንግዳ የከበረ ዕለት የሚቀርብ የሃዲያ ምግብ ነው። አንድ ጊዜ ጎርሳችሁ «በቃኝ» ብትሉ ባለቤቶቹ ይቀየማሉ፤ እኔ ደግሞ ሰው ማስቀየም አልወድም። ሦስተኛውን ጨርሼ ስነሳ ያ አቀበት እጥፍ ሆኖ ታየኝ።

«እንዲህ የተጠበቀ ድንጋይ ምን ይረጋገጣል?» አልኳት። ሰላማዊት አየችኝ፣ ሳህኔን አየች፣ ድሮኑን ልታነሳ ሄደች።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። ተረቱን እኔም አውቀዋለሁ፤ ግን አተካና ፊት ማን ተረት ያስታውሳል።

ድሮኑ ተነሳ። ሰዉ ፎቶ እንደሚነሳ ሰምቶ ስለነበር በአዘቦት ቀን የእሁድ ልብሱን ለብሶ በየደጁ ቆሟል፤ አንገቱን ወደ ሰማይ አቅንቶ፣ ፊቱን ኮስተር አድርጎ። ከላይ የሚታየው የጭንቅላት አናት ብቻ ነው ብዬ ላርማቸው ነበር፤ ሰላማዊት «ተዋቸው» አለችኝ። ከሁሉም የማልረሳቸው እትዬ ዘነበችን ነው። ባላቸው ከሞቱ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። አዲስ የታጠበ ነጠላቸውን ለብሰው ደጃፋቸው ላይ፣ በሩን ከኋላቸው አድርገው፣ ድሮኑ ሄዶ እስኪመለስ አልተንቀሳቀሱም።

«ይበቃል እትዬ፣ አልፏል» አልኳቸው።

«ቤቴና እኔ አንድ ላይ እንድንታይ ነው» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሩኝ። የባላቸው ወንድም አቶ ጴጥሮስ ጎረቤታቸው ነው። ወንድሙ ከሞተ ወዲህ «ቤቱ የተሠራው በእኔ ድርሻ ላይ ነው» ማለት ጀምሯል። ሽማግሌ ገብቶ ነበር፣ አልሆነም። አዲሱ ደብተር በስማቸው ሲወጣ ነገሩ ያበቃል። «አራት ዓመት ሙሉ በቤቴ ውስጥ እንደ እንግዳ ነው የምተኛው» አሉ። እኔም ደረቴን ነፍቼ «አይዞዎት፣ የእኛ መሣሪያ ከሁለት ሳንቲሜትር በላይ አይሳሳትም» አልኳቸው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ካርታው በቀበሌው አዳራሽ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። አስተያየት መስጫው አንድ ሳምንት ነው። በሳምንቱ ውስጥ ቅሬታው ያልተፈታለት ሰው ደብተሩ ይቆይበታል፣ ክርክሩም ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል።

መጀመሪያ የሰማሁት ሳቅ ነበር፤ ፎቶው ከድሮው የወሰን መስመር ጋር አልገጠመም። የጸሎት ቤቱ መድረክ የአንድ ሰው በረት ወሰን ውስጥ ገብቷል። የትምህርት ቤቱ ሽንት ቤት በኳስ ሜዳው መስመር ውስጥ ቆሟል። አንድ ሽማግሌ የጎረቤታቸው ባሕር ዛፍ ሁለት መደዳ እሳቸው ወሰን ውስጥ መጥቶ አገኙት፤ ምንም ሳይናገሩ በጣታቸው ቆጥረው ጨርሰው «ካርታው ጥሩ ነው» ብለው ሄዱ። የቀበሌው ጽሕፈት ቤት የወንዙን መስመር ተሻግሯል። ሊቀመንበሩ ዘወትር ስብሰባ የሚያረፍዱት ለካ መንገዱ ርቆባቸው ነው ተባለ።

ሳቁ የቆመው እትዬ ዘነበች ወደ ግድግዳው ሲጠጉ ነው። በጣታቸው ፈልገው አገኙ። ቤታቸው በአቶ ጴጥሮስ መስመር ውስጥ ነው። ደጃፉ ላይ ነጭ ነጥብ ትታያለች፤ ነጠላቸው ናት።

አቶ ጴጥሮስ ሁለት እጁን ወደ ጣሪያው ዘረጋ። «ጌታ ይመስገን። ሰው ቢክደኝ ሳተላይት መሰከረልኝ» አለ።

«ይቺ ነጠላ የኔ ናት» አሉ እትዬ ዘነበች፣ ወደ እኔ ዞረው። «የቆምኩት ደጄ ላይ ነው። በሕይወቴ ጴጥሮስ ጓሮ ቆሜ አላውቅም። ፎቶው ነው የተሳሳተው።»

አሁን ባለቤቴ አጠገቤ ብትሆን ኖሮ ጉልበቴን ይዛ ታድነኝ ነበር። ባለቤቴ ግን ሆሳዕና ናት። «እትዬ» አልኩ፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት፣ «መሣሪያው ከሁለት ሳንቲሜትር በላይ አይሳሳትም። ሰው ግን የቆመበትን ቦታ ሊሳሳት ይችላል።»

«ሰው ደጁን ይሳሳታል?» አሉኝ።

ግድግዳው ሥር ካለችው አግዳሚ ላይ ተቀመጡና ነጠላቸውን አጣፉ። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር።

ወደ ሆሳዕና ስንመለስ መኪናው ውስጥ ሰላማዊት የካርታውን ቅጂ ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። «የጸሎት ቤቱ መድረክ ወደየት ነው የሄደው?» አለችኝ።

«ወደ ምሥራቅ።»

«ሽንት ቤቱስ?»

«ወደ ምሥራቅ።»

«የእትዬ ዘነበች ቤት፣ ባሕር ዛፉ፣ ጽሕፈት ቤቱ፣ ሁሉም ወደ ምሥራቅ፣ ሁሉም እኩል። አገር ምድሩ ተነጋግሮ ወደ አንድ ወገን አይሄድም። እኛ የቆምንበት ነው የተሳሳተው።»

ላርማት አፌን ከፈትኩ። የማርመው ቃል ስላጣሁ ዘጋሁት።

በማግስቱ ጠዋት ጋሽ ላምቤቦ ቤት ደረስን። ድንጋዩ እንደታጠበ ነው፤ አበባው እንዲያውም ጨምሯል። ዙሪያውን ብዞረው ስንጥቅ የለው፣ ዘንበል አላለ። ጋሽ ላምቤቦ ኩራት ኩራት እያላቸው ከኋላዬ ይከተሉኛል።

«አምሮበታል አይደል? ከተዛወረ ወዲህ እንዴት እንደወዛ እይ» አሉኝ።

«ከምን ወዲህ?»

«ካዛወርኩት ወዲህ።»

ሰላማዊት ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አያለሁ፤ እየሳቀች ትሁን እያለቀሰች እስካሁን አልጠየቅኳትም።

«ጋሼ» አልኩ፣ በተቻለኝ ረጋ ብዬ፣ «የቅየሳ ድንጋይ ይዛወራል?»

እንደ ሕፃን አዩኝ። «ልጄ፣ አንተ እንሰት ተክለህ አታውቅም? እንሰት አንድ ቦታ ተክለኸው ብትተወው አያድግም። ሦስቴ አራቴ ትነቅለዋለህ፤ በነቀልከው ቁጥር ሰፋ ያለ ቦታ ትሰጠዋለህ፤ ያኔ ነው የሚወፍረው። ይሄ ድንጋይ መሃል ማሳ ውስጥ በእንሰት ተከቦ፣ ፀሐይ ሳያገኝ፣ ሰው ሳያየው ተቸግሮ ነበር። ሌላው ሰው ቢሆን ሰብሮ ይጥለው ነበር። እኔ ግን የመንግሥት ነው ብዬ ከነሥሩ አወጣሁት።»

«ከነሥሩ?»

«ከነሥሩ። ሲሚንቶው አንድ ክንድ ወደ ታች ይገባል፤ ቅንጣት አልሰበርኩም። አራት ሰው ተሸከመው። ፊቱንም አላዞርኩትም፤ ወደ ሰሜን የሚያየው ቀስት አሁንም ወደ ሰሜን ነው የሚያየው።»

ይህን ሲሉ እውነታቸውን ነበር። ኮምፓሴን አውጥቼ አየሁ፤ ቀስቱ ልክ ወደ ሰሜን ነው። በዚህ አገር እንዲህ በጥንቃቄ የጠፋ የቅየሳ ነጥብ ያለ አይመስለኝም።

«ጉድጓዱስ?»

«ባዶ ጉድጓድ ምን ያደርጋል? እንሰት ተከልኩበት» አሉና ወደ ማሳው መሃል አመለከቱኝ። ከሁሉም የወፈረ አንድ እንሰት ቆሟል። «መንግሥት ድንጋዬ የት ነበር ቢለኝ ብዬ ደግሞ ቆጥሬዋለሁ። ከእንሰቱ እስከ ድንጋዩ አሥራ አምስት እርምጃ ነው።»

ቁጣዬን ፈለግኩት፣ አጣሁት። ማንን ልቆጣ? ሰውየው ያደረጉት የሚያውቁትን ነው፤ ደግሞም አልደበቁኝም። የሚደብቅ ሰው ኖራ ቀብቶ አበባ ይተክላል? ወረቀቱ ነግሮኝ ነበር፤ አረምኩት። ሰላማዊት ነግራኛለች፤ ጎረስኩበት። እትዬ ዘነበች በአዳራሹ ውስጥ በግልጽ ነገሩኝ፤ እሳቸውን ደግሞ ደጃቸውን አያውቁም አልኳቸው። ይህች የመጨረሻዋ ነች እየመጣች ደረቴን የምትወጋኝ። አተካና እንደገና ሲቀርብ «ከተራራው ስመለስ» አልኩ። ጋሽ ላምቤቦ አመመህ እንዴ ብለው ግንባሬን ዳሰሱኝ።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። እኔም ያፈሰስኩትን ልለቅም ከትምህርት ቤቱ ኋላ ያለውን አቀበት መሣሪያ ተሸክሜ ወጣሁ። በሃምሳኛው እርምጃ የዚያን ቀን አተካና አንድ በአንድ ታሰበኝ። ሁለተኛው ድንጋይ ኖራ የለው፣ አበባ የለው፤ ጥግ ጥጉ ተሸራርፎ፣ ፍየል ተኝታበት አገኘነው። ግን ወረቀቱ ያለበት ቦታ ላይ ነበር። ፍየሏን ለምነን አስነስተን ቤዙን አቆምን። ከዚያ ወደ ታች ወርደን የጋሽ ላምቤቦን ድንጋይ ለካነው። ከነበረበት ቦታ አሥራ አንድ ሜትር ከአርባ ሁለት ሳንቲሜትር ሄዷል። ጋሽ ላምቤቦ ከእንሰቱ ጀምረው ረገጡት፤ አሥራ አምስት። «አላልኩህም?» አሉኝ።

ድሮኑን ዳግመኛ ማብረር አላስፈለገም። ፎቶዎቹ ሁሉ ተቀምጠዋል፤ ቤዙ በእውነት የቆመበትን ቦታ ለኮምፒዩተሩ ስንነግረው አገሩን በሙሉ ወደ ቦታው መለሰው። ጸሎት ቤቱ ከበረት ወጣ፣ ሊቀመንበሩ ወንዙን ተመልሰው ተሻገሩ። የቅየሳ ድንጋዩን በሚመለከት ለሚመለከተው ክፍል የምንሞላው ቅጽ አለ፤ «ነጥቡ አሁን ያለበት ሁኔታ» ይላል። ብዙ ካሰብኩ በኋላ «እጅግ በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛል፤ ቦታው ግን ሌላ ነው» ብዬ ጻፍኩ።

የአስተያየቱ ሳምንት ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው አዳራሹ እንደገና ሞላ። በኪሴ ውስጥ አንድ ወረቀት አለ፤ «ባጋጠመ የቴክኒክ ችግር ምክንያት» ብሎ ይጀምራል። ይህች አባባል ብዙ ቢሮ አድናለች፣ እኔንም ታድነኛለች ብዬ ነው። አዲሱን ካርታ ለጥፌ ዞር ስል እትዬ ዘነበች አግዳሚዋ ላይ ናቸው፤ ያችኑ ነጠላ ለብሰዋል። ወረቀቱን ኪሴ ውስጥ ተውኩት።

«ባለፈው እትዬ ዘነበችን የቆሙበትን አያውቁም ብያቸው ነበር» አልኩ። «እሳቸው በደጃቸው ላይ ነበሩ። የቆምኩበትን ያላወቅኩ እኔ ነኝ። ድንጋዩ ከቦታው የተነሳ ነበር፤ ማረጋገጥ ነበረብኝ፣ አላረጋገጥኩም። ሳላጣራ በሰው ፊት አሳፈርኳቸው። ይቅር ይበሉኝ።»

ጋሽ ላምቤቦ ከኋላ «ድንጋዩ ግን ደህና ነው» አሉ።

እትዬ ዘነበች ተነሱ። ወደ ግድግዳው ሄዱና ጣታቸውን አስቀመጡ። ቤታቸው በመስመራቸው ውስጥ ነው፤ ደጃፉ ላይ ያችው ነጭ ነጥብ ቆማለች። ጣታቸውን ቶሎ አላነሱትም። አቶ ጴጥሮስም መጥቶ መነጽሩን አጥልቆ አየ፣ አውልቆ ጠርጎ እንደገና አየ። ሳተላይት ምስክርነቱን እንዲህ ይቀይራል ብሎ አልጠበቀም። ሽማግሌዎቹ ወደ እሱ ሲያዩ «እንግዲህ ሳተላይት ካለ አለ» ብሎ የወሰን ስምምነቱን ፈረመ። እትዬ ዘነበች ፈርሞ እስኪጨርስ አዩት።

ወደ እኔ ዞሩ። ፊታቸው ላይ ቁጣ የለም፤ ዓይናቸው ጥግ ላይ ግን የሆነ ነገር አለ።

«ስህተቱ ስንት ነበር?»

«አሥራ አንድ ሜትር ከአርባ ሁለት ሳንቲሜትር።»

«መሣሪያው የሚሳሳተው ሁለት ሳንቲሜትር ነው ብለኸኛል።»

«አዎ እትዬ።»

«እንግዲያው ሁለቷ የመሣሪያው ትሁን» አሉ፤ «አሥራ አንድ ሜትር ከአርባው ያንተ ነው።»

አዳራሹ ሲስቅ በልቤ አሰላሁት። ልክ ነው፤ የሚታረም ነገር አልነበረውም።